አምስት መቶ አሥር፣ አምስት መቶ አሥር

አንዳርጌ ቸኮል ጠዋት ዓይኑን የሚገልጠው በሰው ሞት ነው። ክንዱ ላይ ያለው አምባር ይንጫጫና «የባለ ሦስት ቤት ዘመድህ አርፈዋል፤ ቀብር ስድስት ሰዓት» ይላል። አንዳርጌ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይነሳል፤ ጥቁር ኮቱን ይለብሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰርግ አይጠፋም። ስለዚህ ነጭ ጋቢውን አጣጥፎ በብብቱ ይይዛል፤ ከለቅሶው ሲወጣ ከኮቱ በላይ ይደርበዋል፣ ፊቱን በእጁ ያብስና እልል ወደሚባልበት ይሄዳል። የደብረ ብርሃን ሰው ለምዶታል። ሁለት ሺህ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ወዲህ ብዙ ነገር ተለምዷል።

ነገሩ የተጀመረው በጋብቻ ነው። ድሮ ሁለት ወጣቶች ሲፈላለጉ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥር ነበር። ከተማው አብጦ ሰው ከአያቱ ስም ወዲያ ማስታወስ ሲያቅተው፣ ሽማግሌዎቹም አራተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ መጣል ሲጀምራቸው፣ ቆጠራው ለመሣሪያ ተሰጠ። በምዝገባው ሜዳ ቀድመው የተሰለፉት ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው «ቤት» ተባሉ። ለየቤቱም አንድ ብቸኛ ቁጥር ታደለ፤ ብቸኛ የሚባለው ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር ነው። አንደኛው ተሰላፊ ሁለትን ወሰዱ፣ ቀጣዩ ሦስትን፣ ከዚያ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ እያለ ወረደ፤ ሦስትን የወሰዱት ሰውዬ ዘሮች «ባለ ሦስት ቤት» ተባሉ። አሥራ አራት ልጅ የወለዱ አንድ ሽማግሌ «ብቸኛ» ተብለው ሲመዘገቡ ሚስታቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ ይባላል።

የልጅ ቁጥር የሚገኘው የአባቱንና የእናቱን ቤቶች ቁጥር በማባዛት ነው። ከዚያ ወዲያ ዘር መቁጠር የልጅ ጨዋታ ሆነ። ሁለቱንም የሚያካፍል አንድ ቁጥር ከተገኘ ዘመዳሞች ናቸው፤ ካልተገኘ ይጋቡ። አንድ ሁሉን ያካፍላል፤ አንድ ግን አዳም ነው ተብሎ አይቆጠርም።

የአንዳርጌ ቁጥር አምስት መቶ አሥር ሺህ አምስት መቶ አሥር ነው።

ይህ ቁጥር እንደው ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቤቶች አንድም ሳይቀር ተባዝተው የሚወጣው እሱ ነው። ሰባት ቤት ከያዙ ቁጥሮች ሁሉ ትንሹም እሱ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ያን ያህል ዘመድ መያዝ አይቻልም። አካፋዮቹ መቶ ሃያ ስምንት ናቸው፣ አዳምን ጨምሮ። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲው አንድ መምህር ተማሪዎቹን አስከትሎ ይመጣና አንዳርጌን አቁሞ ያስረዳል። ሰባት መቶ አሥራ አራት በጎረቤቱ በሰባት መቶ አሥራ አምስት ቢባዛ ይህ ሰው ነው። አሥራ ሦስት፣ ሃያ አንድ፣ ሠላሳ አራትና ሃምሳ አምስት ቢባዙም ይኸው ሰው ነው። ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ፣ አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። አንዳርጌ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ምን ስላደረገ እንደሚጨበጨብለት ግን አንድም ቀን ገብቶት አያውቅም።

ከከተማው አምስት ሰው ቢቆም ለአራቱ ዘመድ ነው። ሥራ ገብቶ ነበር፤ የለቅሶ ፈቃዱ ከሥራው ስለበለጠ አለቃው፣ እሱም የባለ አሥራ አንድ ቤት ዘመዱ፣ እያለቀሰ አሰናበተው። መንትያ እህቱ ብርዛፍ ይኸው ቁጥር ነበራት፤ እሷ ብልጥ ስለሆነች ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ የማይካፈላት ባል ፈልጋ አገባች። አንዳርጌ ግን ለቅሶ ትቶ የት ይሄዳል?

እዚያው ለቅሶ ላይ ነው ትርንጎ ሞላን ያገኛት። ትርንጎ ድንኳን ተካይ ናት። እሱ በዝምድና በየለቅሶው፣ እሷ በሙያዋ በየለቅሶው፤ እንዲህ እየተገናኙ ስንቱን ቀበሩ።

«ዛሬ ደግሞ ማን ናቸው?» አላት አንድ ጠዋት ምሰሶውን ደግፎ ይዞላት።

«የአንተን ዘመድ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ባለ ሦስት ቤት ናቸው። ከዚያ ወዲያ አላውቃቸውም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ልታለቅስ ነው?»

«‘ወይኔ ባለ ሦስቴ’ እላለሁ።»

ትርንጎ መዶሻዋን ጣለችው። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነውና ሻርፗን አፏ ላይ ጎሰጎሰች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሩቅ ያዩዋት አንዲት ባልቴት «ይቺ ልጅ እንዴት አንጀቷ ይራራል!» አሉ።

ሳቋ ሲበርድላት ካስማውን መምታት ቀጠለች። መትታ መትታ ቀና አለች።

«አንዳርጌ፣ እኔና አንተ ግን ምን እየሠራን ነው?»

«ድንኳን እየተከልን።»

«እሱንማ አያለሁ። የራሳችንን መቼ ነው የምንተክለው?»

አንዳርጌ ምሰሶውን ለቀቀው። ድንኳኑ በባለ ሦስት ቤት ሐዘንተኞች ላይ ተደፋ።

የትርንጎ ቁጥር አንድ ሺህ አንድ ነው፤ ሰባት፣ አሥራ አንድና አሥራ ሦስት ሲባዙ። እነዚህ ሦስት ቤቶች በከተማው ውስጥ ከሁሉ የበዙ ነበሩ። ለምን እንደበዙ የሚያውቅ የለም፤ «ወላድ ቤት ናቸው» ይባል ነበር። ስለዚህም ትርንጎ ከጎረመሰች ጀምሮ ወደዳት የተባለ ወንድ ሁሉ ሲጠና ወንድሟ ሆኖ ይገኛል። ሦስቱ ሳይሞክሩ በወሬ ብቻ ቀርተዋል። አንዱማ «እህት ዓለም» ብሎ ግንባሯን ስሟት ሄዷል። ይህንን ሁሉ አንዳርጌ ያውቃል። የራሱንም ያውቃል። ሆኖም በማግስቱ ኮቱን ቦርሾ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ እጇን ይዞ ወደ ጋብቻ በር ሄደ።

ጋብቻ በር ቁጥሮቹን የሚመዘግበው የዝምድና ቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ ተራ የብርጭቆ በር ነው። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ያስገባሉ፤ ባዕድ ከሆኑ ይከፈታል፤ በዚያ በኩል አበባ የያዙ ሰዎች ይጠብቃሉ። አስገቡ። መሣሪያው አላቅማማም።

«የጋራ አካፋይ፦ አንድ ሺህ አንድ። በሩ አይከፈትም።»

በር ጠባቂዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ሰባት ሲሉ አይቻለሁ፤ አሥራ አንድ ሲሉም አይቻለሁ። ሴቲቱ ሙሉ በሙሉ ሰውየው ውስጥ ስትገባ ግን ዛሬ አየሁ!»

«ሰማሽ?» አለ አንዳርጌ በሹክሹክታ። «አምስት መቶ አሥር ጊዜ ትገቢያለሽ። ቀሪ የለም።»

ትርንጎ አልሳቀችም። ከሻርፕ በስተጀርባም አልሳቀችም። እጁን ለቀቀችና ብርጭቆውን አሻግራ አየች። እዚያ ማዶ አንዲት ሙሽራ ጫማዋ ጠቧት ታነክሳለች።

«ይግባኝ የለም?» አለች።

«አለ» አለች ጠባቂዋ። «ቁጥሩ ሲመዘገብ ተሳስቷል ካላችሁና ካስረዳችሁ። ግን ማን ይህን ቁጥር ተሳስቷል ይላል? እኔ ራሴ በባለ አምስት ቤት የአክስቱ ልጅ ነኝ፤ እኮራበታለሁ።»

ከዚያ ወጥተው ወደ አንዳርጌ አባት ቤት አመሩ። አንዳርጌ ያሰበው ቢያንስ መርዶውን በአንድ አፍ እንንገራቸው ብሎ ነው።

አቶ ቸኮል የትልቁ ቁጥር አባት ናቸው። ይህ ማዕረግ ባይጻፍም ይታወቃል፤ ድንኳን ሲገቡ ሰው ይነሳላቸዋል። ሰው በመጣ ቁጥር የምዝገባውን ቀን ያወሩታል፤ ትርንጎም ገና ከመቀመጧ ጀመሩላት።

«ሰልፉ፣ ልጄ፣ እስከ ጠባሴ ሰፈር ይደርስ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ ሁለቱን መንትዮች በሁለት ክንዴ አቅፌ፣ ይሄኛው ይጮሃል፣ ያቺኛዋ ታስታውካለች። ተራዬ ደረሰ። መሣሪያው ‘የልጆቹን ቁጥር ይናገሩ’ አለኝ። ሌላው ሰው ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ‘አምስት መቶ አሥር፣ አምስት መቶ አሥር!’ አልኩት። ሜዳው ሁሉ ሰማኝ።»

አንዳርጌ ይህን ታሪክ ከንፍሮ እኩል በልቶታል፤ ጣራውን እያየ ነበር። ትርንጎ ግን ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«አባባ ቸኮል፣ ለምን ሁለት ጊዜ አሉት?»

«እ?»

«አምስት መቶ አሥርን። ለምን ደገሙት?»

«ሁለት ልጅ አይደለም እንዴ የያዝኩት? አንድ ልጅ ቢሆን አንዴ ብዬ ዝም እላለሁ።»

አንዳርጌ ጣራውን ማየት ተወ።

«እንግዲህ» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ፣ የሚሸሽ ዶሮ እንደምትይዝ ሰው፣ «ለየአንዳንዳቸው ማለትዎ ነው?»

«ለየአንዳንዳቸው ነዋ! አምስት መቶ አሥር፣ አምስት መቶ አሥር። በአማርኛ ሌላ እንዴት ይባላል?»

«ታዲያ አምባሩ ላይ አምስት መቶ አሥር ሺህ አምስት መቶ አሥር ሲወጣ ምን አሉ?»

«መንግሥት አይቶ ጨመረልኝ አልኩ» አሉ አቶ ቸኮል። «መንትያ ለወለደ ይጨመራል የሚባል ወሬ ነበር።»

ትርንጎ ወደ አንዳርጌ ዞረች። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጻፈችለት። «ተመልከት። አምስት መቶ አሥር ሺህ ማለት አንድ ሺህ ጊዜ አምስት መቶ አሥር ነው። ከኋላው አንድ ተጨማሪ አምስት መቶ አሥር አለ። ሲደመር አንድ ሺህ አንድ ጊዜ። ሰባትም፣ አሥራ አንድም፣ አሥራ ሦስትም ከዘርህ አይደለም የመጡት፤ ከመድገም ነው። ያንተ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስትና አሥራ ሰባት ብቻ ናቸው። ለኔ ባዕድ ነህ!»

አንዲት ሴት ለወንድ «ባዕድ ነህ» ብላው እንደዚያ ፊቱ የበራ ሰው ደብረ ብርሃን አይታ አታውቅም።

«ስሙስ ቢሆን አንዳርጌ አይደል?» አለች ትርንጎ። «ሁለት ነገር ሰጧት፤ መሣሪያዋ ታዘዘችና አንድ አደረገቻቸው።»

አቶ ቸኮል ግን ፊታቸው ጠቆረ። ለይግባኙ የሚያስፈልገው የተመዘገበው ድምፅ የሚከፈተው ተናጋሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«አይደረግም» አሉ። «አራት ቤትማ ማንም አለው! የጎረቤታችን የይመኑ ልጅ እንኳ አራት ቤት አለው፤ እሱ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ፊሽካ ሲነፋ ይውላል። እኔ ድንኳን ስገባ የሚነሳልኝን ሰው አስባችሁታል? ነገ ቁጭ ብሎ ቢያየኝስ?»

«አባዬ» አለ አንዳርጌ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አንተ ባወጣህልኝ ቁጥር ለከተማው ሁሉ ዘመድ ሆኜ ኖርኩ። ስማቸውን የማላውቃቸውን አለቀስኩ። አሁን ደግሞ ለአንዲት ሴት ባል ልሁን።»

አቶ ቸኮል ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ለልጃቸው አዝነዋል፤ ለራሳቸውም አዝነዋል፤ የትኛው ሐዘን እንደሚያሸንፍ ግን አልታወቀም።

«አባባ ቸኮል» አለች ትርንጎ፣ «የልጅ ልጅዎ ቁጥር ስንት እንደሚሆን አስበዋል?»

«ስንት ይሆናል?»

«የሱን አምስት መቶ አሥር በኔ አንድ ሺህ አንድ ያባዙት።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አባዙ። አቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ድገሚልኝ እስኪ።»

«አምስት መቶ አሥር ሺህ አምስት መቶ አሥር። ሰባቱም ቤት። ይኼኛው በስህተት ሳይሆን በልፋት።»

«ኮቴን አምጡልኝ» አሉ አቶ ቸኮል።

ይግባኙ ግን ቶሎ አልታየም፤ ጉዳዩን የሚያይ ሰው ጠፋ። ሕጉ ዘመድ በዘመዱ ላይ አይፈርድም ይላል፤ በቢሮው ያለው ሠራተኛ ሁሉ ደግሞ በአንዱ ወይም በሌላው ቤት የአንዳርጌ ዘመድ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ እንዲሉ፣ ፋይሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተንከባለለ ከረመ። በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ፀዳለ የሚባሉ ኃላፊ ተገኙ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስትና ሃያ ዘጠኝ ሲባዙ፤ ለአንዳርጌ ፈጽሞ ባዕድ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰርግ የሚጠራቸው ጥቂት ስለሆነ ሳቅ የማያውቁ ዝምተኛ ናቸው ይባልላቸዋል።

ድምፁን አስከፈቱ። የድሮው ሜዳ ክፍሉን ሞላው፤ የሰው ጫጫታ፣ የንፋስ ፉጨት፣ የሁለት ሕፃናት ለቅሶ። ቀጥሎ ጎልማሳ ድምፅ፦ «አምስት መቶ አሥር፣ አምስት መቶ አሥር!» መሣሪያው «ተመዝግቧል» አለ።

አቶ ቸኮል የራሳቸውን የወጣትነት ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «ጉሮሮዬ እንዴት ያምር ነበር» አሉ።

ወይዘሮ ፀዳለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሰማሁት አምስት መቶ አሥር፣ አምስት መቶ አሥር ነው። መሣሪያው የጻፈው ያንኑ ነው። የት ላይ ነው ስህተቱ? ‘ለየአንዳንዳቸው’ የሚል ቃል አልሰማሁም።»

«መድገሙ ራሱ ለየአንዳንዳቸው ማለት ነው» አለች ትርንጎ።

«ለሰው ነዋ። መሣሪያው ግን አይሳሳትም።» ደክሟቸው ነበርና ግድግዳው ላይ ወዳለው መሣሪያ ዞር አሉ። «ሻይ አምጣልን። ለሁላችን አንድ አንድ።»

በሩ ተከፈተ፤ ባለ ጎማው ጠረጴዛ ብቻውን እየተንከባለለ ገባ። ወይዘሮ ፀዳለ ብርጭቆዎቹን ያድሉ ጀመር። አንድ ለአቶ ቸኮል፣ አንድ ለአንዳርጌ፣ አንድ ለትርንጎ፣ አንድ ለራሳቸው። ትርንጎ ብርጭቆዋን አልነካችም። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን እያየች ነበር።

«እትዬ፣ አራት ነን አይደል?»

«አዎን።»

«ሻዩ አሥራ አንድ ነው።»

«ሁልጊዜ አሥራ አንድ ነው» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ ስኳር እያማሰሉ። «የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነው። ዳቦ ሁለት ሁለት ስንል ደግሞ ሃያ ሁለት ይመጣል። እኛም ቸርነት ነው ብለን እንበላ…»

ማንኪያው ቆመ።

ብርጭቆዎቹን አዩአቸው። ግድግዳውን አዩት። ከዚያ ሻዩን አስቀምጠው ከወንበራቸው ተነሱና ወደ መስኮቱ ሄዱ። ታች ከተማው ተዘርግቷል፤ በየሰፈሩ ነጭ ድንኳን ይታያል።

«ስንቱ አባት ነው» አሉ፣ «ብርድ ላይ ቆሞ ለልጆቹ እንዲህ ያለው?»

«ልጆቹ ሦስትም ቢሆኑ ስድስትም ቢሆኑ ሁለት ጊዜ ነው የሚባለው» አለች ትርንጎ። «ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ደግሞ የትኛውም ቢሆን ሁለት ጊዜ ከተደረደረ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሦስት ይካፈላል። ማምለጫ የለውም።»

«እንግዲያ እነዚያ ወላድ የሚባሉት ሦስት ቤቶች…»

«ወላድ አይደሉም። አማርኛ ነው የወለዳቸው።»

ወይዘሮ ፀዳለ የክፍሉ ሰው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ አሰሙ። ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ፣ ጠረጴዛውን እስኪይዙ ሳቁ። ሲበርድላቸው ጣታቸውን አምባራቸው ላይ አሳረፉ። «የአንዳርጌ ቸኮልና የመንትያ እህቱ ቁጥር አምስት መቶ አሥር ሆኖ ይታረም።»

የአንዳርጌ አምባር ተርገበገበ። ከባለ አሥራ አንድ ቤት የቅዳሜው ሰርግ ጥሪ ጠፋ፤ ከባለ አሥራ ሦስት ቤት ሁለት ተዝካር ተሰረዘ። አንዳርጌ ክንዱን አየው፤ የቀለለው መሰለው። የቅዳሜውን ሰርግ ግን ትንሽ አሰበው፤ ባለ አሥራ አንዶች ሙክት አይሰስቱም ነበር።

«የሌሎቹ እርማት ነገ ጠዋት ይታወጃል» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዘወር ብለው፣ እንደ ሴት ለሴት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህን ማወቅ መብትሽ ነው። ነገ ጠዋት ከከተማው ወንድ ግማሹ ወንድምሽ መሆኑ ይቀራል።»

አንዳርጌ ይህን አላሰበበትም ነበር። ትርንጎን አያት። እሷ መስኮቱን ታያለች።

«ትርንጎ?»

«ቆይ እስኪ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያሰብኩ ነዋ። ግማሽ ከተማ እኮ ነው። ያ ግንባሬን ስሞ የሄደው እንኳ ቁመናው ሸጋ ነበር።»

«ትርንጎ፣ በሩ አሥር ሰዓት ይዘጋል!»

«ነገም ይከፈታል» አለች። ከዚያ ፊቱን ስታይ ተወችው፤ ቀልዱ ከሚገባው በላይ ገብቶ ነበር። ወደ እሱ ተጠጋች። «ስማኝ አንዳርጌ። የተከለከልኩት ወንድ ብዙ ነው። ተከልክሎ እያለ፣ መከልከሉን እያወቀ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ በሩ ድረስ የመጣ ግን አንድ ነው። ተነስ እንሂድ።»

ደረጃውን በሩጫ ወረዱ። አቶ ቸኮል ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘው ከኋላ፣ ወይዘሮ ፀዳለም ሥራቸውን ትተው ከአቶ ቸኮል ኋላ። በር ጠባቂዋ ስታያቸው «ደግሞ መጣችሁ?» አለች። ክንዳቸውን አስገቡ።

«የጋራ አካፋይ፦ አንድ» አለ መሣሪያው።

«እሱማ አዳም ነው» አለች ጠባቂዋ፣ «አይቆጠርም።» በሩም ተከፈተ።

በዚያ በኩል አበባ የያዘ ሰው ለጊዜው አልነበረም። መሣሪያው ብቻ፣ በጨዋ ድምፅ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀ። «የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስንት ይሁን?»

አቶ ቸኮል ደረታቸውን ነፉ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ወይዘሮ ፀዳለ ቀደሟቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑባቸው። ለባዕድ ሰው ድፍረት ነው፤ አቶ ቸኮልም በኋላ ለብዙ ሰው አውርተውታል።

ትርንጎ ወደ መሣሪያው ጎንበስ አለች።

«አንድ» አለች። «ለሁለታችን አንድ ይበቃል።»

መሣሪያው ዝም አለ። አንድም ሰምቷል፣ ሁለትም ሰምቷል። የቢሮውን ሻይ የምታውቀው ጠባቂ ሁለትና አንድ ተደርድረው ሃያ አንድ ወረቀት ሊወድቅ ይችላል ብላ ቀሚሷን ዘረጋች። ውስጡ የሆነ ነገር ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ከዚያ አንድ ወጣ።